አስራ ሁለተኛዋ መርፌ

ጥቅምት 2

ውድ ሚጡዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን እንዳልልሽ፣ መሃለኛው ልጄ ከትናንት ጀምሮ ሰውነቱ ትኩስ ነው። ደህና አይደለንም እንዳልልሽ ደግሞ፣ አንቺ ወርሽ ገብቶ በትንሽ በትልቁ የምትጨነቂበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ደህና ነን።

ስለዘገየሁብሽ ይቅርታ። "ልጁ ከድሪቶው ቀድሞ ሊመጣ ነው" ብለሽ የጻፍሽው አንጀቴን አሳረረው። ግን ምን ላድርግ? ለትልቋ ልጄ አስተማሪ ቦርሳ እሰፋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ለጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ደግሞ የትራስ ልብስ ቃል ገባሁ። ከዚያ ምሳ አለ፣ ከዚያ የልብስ እጥበት፣ ከዚያ ባሌ፣ ያ ሰውዬ፣ ልክ መቀሱን ሳነሳ "የሸሚዜ ቁልፍ የት ሄደ?" ብሎ ይመጣል። የምሰፋው በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንዱን ቁራጭ ሦስት ቀን ስፈልገው ከርሜ ትንሿ አሻንጉሊቷን አልብሳው አገኘሁት።

ያ ሰውዬ "ይሄ ድሪቶ መቼ ነው የሚያልቀው?" እያለ ሲስቅብኝ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ራሴም ድሪቶ ነው የምለው። የልጅሽ መሸፈኛ ዘጠኝ በዘጠኝ፣ ሰማንያ አንድ ቁራጭ ነው። ሰማያዊው የእናታችን ሽርጥ ነው። አረንጓዴውን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ የስምንተኛ ክፍል ዩኒፎርምሽ ነው። ባለ መስመሩ የያ ሰውዬ ፒጃማ ነው፤ እስካሁን እየፈለገው ነው፣ እኔ ዝም ብያለሁ።

አንዱን ጥግ፣ አንድ ስንዝር የሚሆነውን ጠርዝ ሳልዘመዝም ትቼልሻለሁ። ረስቼ አይደለም። እናታችን ስጦታ ስትሰፋ "መጨረሻውን ባለቤቱ ይስፋው፣ አለዚያ የሰው ዕቃ ሆኖ ይቀራል" ትል አልነበር? በራስሽ እጅ ጨርሺው። አብሬ የላክሁልሽ ቦርሳ ደግሞ ለልጁ ዕቃ መያዣ ናት፤ አምስት ኪስ አላት፣ የውስጠኛው ባለ ዚፕ ነው።

ትንሿ ቁጥር ተምራለች። እስከ አስራ ሁለት ትቆጥርና ታቆማለች። መርፌዎቼ አስራ ሁለት ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ ቁጥር ያለ አይመስላትም።

ይኸው ወደ ካምፓችሁ የሚመጣው ሾፌር ከበር ላይ ጥሩንባውን አስጮኸው፤ መሃለኛውም እየጠራኝ ነው። ጠቅልዬ ልስጠው። እንደተገላገልሽ ጻፊልኝ። ማንን እንደሚመስል ደግሞ እንዳትረሺ!

እትዬሽ


ጥቅምት 8

እትዬ፣

ሰላም ነሽ? መሃለኛው ተሻለው?

ዕቃው ጥቅምት 5 ደርሷል። ሾፌሩ ለባለቤቴ ሰጠው፤ እኔ ክሊኒክ ነበርኩ። ጥቅምት 4 ተገላግያለሁ። ወንድ ነው። ማንን ይመስላል ላልሽኝ፣ እናታችንን። ፀጉሩ ብዙ ነበር።

ድሪቶው በጣም ያምራል። ዩኒፎርሜን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ቀለም የፈሰሰበትን ቦታ ሳይቀር አስገብተሽዋል። ቦርሳዋን በሩ ጀርባ ሰቅያታለሁ።

ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታ፣ ድካም አለብኝ። ልምጣ እንዳትይ፤ ልጆችሽን ጥለሽ ሁለት ቀን መንገድ ምን ያደርግልሻል? ቆይተሽ ትመጫለሽ። ባለቤቴ ሰላም ይልሻል። የመንገዱ ቅየሳ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ በራሱ እጅ ይጽፍልሽ ነበር።

እህትሽ


ጥቅምት 9
ቴሌግራም

ለልጁ የላክሁት መርፌ አለበት ተጠንቀቂ እህትሽ


ጥቅምት 12

እትዬ፣

ቴሌግራምሽ ትናንት ደርሶኛል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ።

አሳቢነትሽን አውቃለሁ። ግን እዚህም ክሊኒክ አለ፣ ሐኪም አለ፤ ምን እንደሚያስፈልግ እነሱ ያውቃሉ። መድኃኒት ልከሽ ከሆነ ሾፌሩ ምንም አልሰጠንም፤ ቢሰጠንም እንመልስልሻለን። እባክሽ ስለ ልጁ መርፌ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። ተቆጥቼ አይደለም። ብቻ እንዳትጽፊልኝ።

ደህና ነን።

እህትሽ


ጥቅምት 15

አንቺ ልጅ!

ምን መድኃኒት? ምን ሐኪም? የስፌት መርፌ ነው! የስፌት መርፌ! ድሪቶው ውስጥ መርፌ ረስቻለሁ!

ይህን ስታነቢ ልጁ በድሪቶው ተሸፍኖ ከሆነ ደብዳቤውን ጣይውና አንሺው። ከዚያ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

አነሳሽው? እሺ። ጥፋቱ የእኔና የቴሌግራም ቤቱ ጸሐፊ ነው። "ድሪቶው መርፌ አለበት" ብዬ ሰጠሁት። "ድሪቶ አልጽፍም፣ ስድብ ነው ብለው ይጠይቁኛል" አለኝ። ስድብ አይደለም ብለው፣ የእኔው ነው ብለው፣ ወይ ፍንክች! "እንግዲያው ለልጁ የላክሁት በል" አልኩት። ለእኔም ለእሱም ግልጽ መስሎን ነበር። ሐኪም ሆኜ ክትባት ያዘዝኩ እንደሚመስል አሁን ነው የገባኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መሃለኛው መርፌ ረግጦ ሐኪሙ ተረከዙን ከቀደደው ወዲህ በዚህ ቤት መርፌ ይቆጠራል። ሥራ ሳቆም ትንሿ መርፌ መሰኪያዬ ላይ እየሰካች ትቆጥራለች፤ አስራ ሁለት ካላለች ማንም ከጠረጴዛው አይነሳም። ድሪቶውን የላክሁ ቀን ግን ልጁ አተኮሰው፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ ሳንቆጥር ተነሳን። በማግስቱ ልጁ ሰውነቱ ሁሉ ቀይ ሆኖ አደረ። ኩፍኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የመርፌ ዕቃዬን ዞር ብዬ አላየሁትም። ጥቅምት 9 ለያ ሰውዬ ቁልፍ ልተክል ስከፍተው ትንሿ ቆጠረችና አስራ አንድ ላይ ቆመች። ድገሚ አልኳት። አስራ አንድ። "አስራ ሁለት የለችም" ብላ አለቀሰች።

የጠፋችው ረጅሟ ናት፣ ቀጭኗ፣ በመጨረሻ ጠርዝ የምወሰውስባት። ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ምንጣፉን አራገፍኩ። የሠርግ ትራሱን ሙሽራዋ ቤት ድረስ ሄጄ ጨመቅኩት። የአስተማሪዋንም ቦርሳ ከትከሻዋ ላይ ተቀብዬ ገበሩን ተረተርኩት፤ ሴትየዋ ያበድኩ መስሏት ልጄን "እናትሽ እንቅልፍ ትተኛለች?" ብላ ጠየቀቻት። የትም የለችም። ያንቺን ቦርሳ ቀድሜ ስለጨረስኩት የቀረው ድሪቶው ብቻ ነው።

ስሚኝ፤ እንዳታራግፊው። ሲራገፍ ወደ ጥጡ ትገባለች። ጠረጴዛ ላይ ዘርጊውና ሰማንያ አንዱንም ቁራጭ አንድ በአንድ በጣትሽ ጫፍ ተጫኚ፤ ፊቱንም ገበሩንም። ባለቤትሽ ማግኔት አያጣም፣ ይፈልግልሽ። እኔው በመጣሁ! ግን ኩፍኝ ከገባበት ቤት ተነስቼ እንዴት አራስ ቤት እገባለሁ? ሌላው ቢቀር ለልጁ አስቤ ነው የቀረሁት።

አንድ ነገር ደግሞ። የመጀመሪያዋን ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኳት። "ፀጉሩ ብዙ ነበር" ብለሻል። ነበር ለምን አልሽ? ላጨሽው? ሚጡዬ፣ ልጁ ደህና ነው? የሆነ ነገር ደርሶበት ከሆነ፣ በመርፌዬም ቢሆን ንገሪኝ። አንድ ቃል ብቻ መልሺልኝ።

እትዬሽ


ጥቅምት 18

እትዬ፣

ድሪቶው እኔ ጋ የለም።

ልጁም የለም። በመርፌሽ አይደለም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ሲወለድ አልተነፈሰም። አልዋሸሁሽም፤ ወንድ ነው፣ እናታችንን ይመስላል አልኩሽ፣ እውነት ነው። ፀጉሩ ብዙ ነበር ያልኩሽም ሲጠቀልሉት ስላየሁ ነው። የቀረውን ነው ያልነገርኩሽ።

ለምን ደበቅሽኝ እንደምትይ አውቃለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንሳል። ባለቤቴም ስለ ልጁ አያነሳም፣ የሚያስታውሰኝ ይመስለዋል። ማንን ይመስላል ብሎ የጠየቀ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ እሱ እንደማንኛውም ሕፃን ሆነልኝ፤ ማንን ይመስላል የሚባል፣ ድሪቶ የሚሰፋለት። እውነቱን ከጻፍኩልሽ አንቺም ድምፅሽን ትቀንሺያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ስለ መርፌ ቴሌግራም መጣ። ለሌለ ልጅ ክትባት ስታስቢ አንጀቴ ተቆረጠ፤ ለዚያ ነው እንደዚያ የጻፍኩት።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ባለቤቴ ድሪቶውን ክሊኒክ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነው፤ ሌላ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው። ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የመንገድ ሠራተኞቹ ልብስ አጣቢ ተኝታ ነበር። ቀይ ሻሽ ስለምታስር ሁሉም ባለ ቀይ ሻሿ ይላታል። ከእኔ ሁለት ሰዓት ቀድማ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ልጅቷን የጠቀለለቻት በባሏ ሸሚዝ ነው፣ የማሽን ግራሶ የሚሸት ሸሚዝ። ድሪቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ባሏ መንገድ የሚደለድለው ግሬደር ኦፕሬተር ነው። ግሬደሩ ባለፈው ሳምንት ወደ ፊት ሄዷል፣ እነሱም አብረው ሄደዋል። ሁለተኛው ካምፕ ይሁኑ ሦስተኛው ባለቤቴ አያውቅም። ልጅቷ አስራ ሦስት ቀን በዚያ ድሪቶ ተሸፍና ነው የተኛችው። ቴሌግራምሽ ከደረሰኝ ሳምንት ሞላው፤ አንድ ሳምንት በእኔ ኩርፊያ ሄደ። አንድ ነገር ሆና ቢሆን ምን እላታለሁ? የእኔ ሞቶ የእሷን ልግደልባት?

ከክሊኒክ ከተመለስኩ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ባለቤቴ ልሂድልሽ አለኝ፤ እምቢ አልኩት፤ እሱ ያን ቀን ክሊኒክ ሴትየዋን ልብ ብሎ አላያትም። ይህን ለሾፌሩ ሰጥቼ የድንጋይ መኪና ላይ እወጣለሁ።

እህትሽ


ጥቅምት 21

ሚጡዬ፣ የኔ ሚጡ፣

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ኩፍኝ ይዤ ልጁ አጠገብ አልመጣም ብዬሽ ነበር። አሁን መምጣት እችላለሁ ማለት ነው። ይህን ጽፌ ከወንበሬ ተነሳሁና ጓዳ ገብቼ ቆምኩ።

ተቆጥቼሻለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ እዚህ አክስት ሆንኩ እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራ አንቺ ብቻሽን ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ! ምን አጠፋሁ? መቼ ነው ድምፄን ቀንሼ የማውቀው? ያ ሰውዬ እንኳ "አንቺ ስታንሾካሹኪ ሦስተኛው ቤት ይሰማል" ይለኛል። ቁጣዬ ደግሞ ወደ ራሴ ይመለሳል። መርፌ ቁጠሩ እያልኩ ሰው ሳስቸግር የኖርኩት እኔ፣ መጀመሪያ ሳልቆጥር የተነሳሁትም እኔ። የሰው ልጅ በእኔ መርፌ ተወግታ ከሆነ ሁለተኛ ጨርቅ አልነካም። እስካሁንም አልነካሁም፤ ያ ሰውዬ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ለብሶ ነው ሥራ የሚሄደው። ፒጃማው ድሪቶው ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። "ሌላውንም ስጪያት" አለና ወደ ውጭ ወጣ። ዓይኑን ሲጠርግ በመስኮት አየሁት።

ስለ ልጅቷ እንደሰማሽ ጻፊልኝ። የሆነውን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን።

አሁን ደግሞ እጠይቅሻለሁ፤ ድምፄንም አልቀንስም። ልጅሽ ማንን ይመስላል? ያኔ በአንድ መስመር ነው የመለስሽልኝ። በደንብ ንገሪኝ።

እትዬሽ


ጥቅምት 25

እትዬ፣

ልጅቷ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ጻፍኩልሽ፤ አሁን ተቀምጠሽ አንብቢው። ቴሌግራም ያልላክሁልሽ ለዚያ ጸሐፊ መርፌ የሚል ቃል ሁለተኛ አልሰጠውም ብዬ ነው።

አራት ቀን ፈለግኳቸው። ሁለተኛው ካምፕ ስደርስ ግሬደሩ ሄዷል አሉኝ። ሦስተኛው ካምፕ ላይ ዘበኛው "ባለ ቀይ ሻሽ? እዚህ ግማሹ ሴት ቀይ ሻሽ ነው የሚያስረው" አለኝ። በመጨረሻ ድንኳኗን ያወቅኩት ለመድረቅ በተሰጡት ልብሶች ነው። ገመዱ ላይ ሃምሳ የሚሆን የሥራ ቱታ በተርታ ተሰጥቶ አየሁና ከድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ። ልጅቷ ሳጥን ላይ ተኝታለች። ድሪቶው እስከ አገጯ ድረስ ተስቧል። የእናታችን ሽርጥ ጉንጯን ነክቶታል። እትዬ፣ ትተነፍስ እንደሆን ለማየት ቆሜ እኔው መተንፈስ ረሳሁ።

እናቷ መጣች። ወዲያው አወቀችኝ። መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰለሽ? በእኔና በልጅቷ መሃል ገብታ ቆመች። "ልትወስጂው ነው?" አለችኝ። መጥቼ ድሪቶውን የምወስድባት መስሏት ስትጠብቀኝ ነው የከረመችው። "አይደለም፣ መርፌ አለበት" አልኳት። ከትራሱ ስር የክትባት ካርድ አወጣች። "ተወግታለች እኮ፣ ይኸው!"

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ስስቅ ቆይቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የቱ ላይ እንደዞረ አላውቀውም። እሷም ምን እንደነካኝ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጅቷን አነሳች፣ ከጭንቅላቷ እስከ እግሯ ገላልጣ አየቻት። ምንም የለባትም። አንድ ጭረት የለባትም።

ድሪቶውን የመተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋነው። እሷ ከሽርጡ በኩል፣ እኔ ከፒጃማው በኩል ጀመርን። እንዳልሽኝ በጣት ጫፍ፣ ቁራጭ በቁራጭ። መሃል ላይ ተገናኘን። ገለበጥነውና ገበሩንም እንደዚያው አደረግን። የለችም። "እንግዲህ ሌላ ቦታ ጠፍታ ነው" አልኩ። እሷ ግን አንዱን ጥግ እያየች ነበር። "እሱን አልነካሁትም፤ ያላለቀ ስለሆነ ወደ ግርጌ አድርጌ ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ" አለች። ያ ለእኔ የተውሽው ስንዝር ነው። እጥፋቱን ገለጥኩት።

እዚያ ነበረች። ሦስት ጊዜ ገብታ ወጥታ፣ ጫፏ ጠርዙ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ክሩ ሁለት ዙር ተጠምጥሞባት። እናታችን ከሥራዋ ተነስታ ለእኛ ስትተውልን እንዴት ትሰካት እንደነበር ታስታውሻለሽ? "ቀጥሎ የሚቀመጠው ክር ሲፈልግ አይዋል" ትል አልነበር? ልክ እንደዚያ። ጥለሻት አይደለም። ጥሩንባው ሲጮህ እጅሽ በልማዱ ሰካልኝ፤ አንቺ ልብ አላልሽም። አስራ ሰባት ቀን ከልጅቷ እግር ስር አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

ልነቅላት ነበር። ክሩ ግን እንዳለ ነው፣ ለአንድ ስንዝር የሚበቃ። ተቀመጥኩና መዘምዘም ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ባለቤቱ ይስፋው የሚለው ትዝ አለኝ፤ መርፌዋን ለእሷ ሰጠኋት። እሷ ሰፍታ አታውቅም፣ ስፌቷ ጠማማ ነው፤ አንቺ ብታዪው ትተረትሪው ነበር። እሷ ስትሰፋ ልጅቷን እኔ ያዝኳት። ከባድ ናት። ይህን ያህል ትከብዳለች ብዬ አልጠበቅኩም።

መርፌዋን ይዤ ስመለስ ደብዳቤሽ ጠበቀኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጥያቄሽ ላይ ስደርስ አቆምኩ፤ መልሱን የጀመረው እሱ ነው። "ጆሮው የእኔ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ጆሮው የአባቱ ነው፣ ጎላ ያለ። ግንባሩና አፉ የእናታችን ነው፤ የታችኛው ከንፈሩ የተቀየመ ሰው ይመስላል። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ፀጉሩ ብዙ ነበር፣ እርጥብ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ወደ ግራ ይዞራል፤ እንደ አንቺ። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ለትንሿ አስራ ሁለት ተገኘች በያት። ኩፍኙ ሲለቃችሁ ነይ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘሽ ነይ። መርፌ እንዳትይዢ፤ መርፌ አለኝ።

ሚጡሽ